አልጨረስኩም የሚል ኮምፒውተር

ከመሥሪያ ቤት ለመውጣት ምን ያስፈልጋል? ሰዓቱ ይደርሳል፤ ጃኬትህን ከወንበሩ ጀርባ ታነሳለህ፤ መስኮት ትዘጋለህ፤ "ደህና እደሩ" ብለህ ትወጣለህ። እኔም ዕድሜ ልኬን እንዲሁ ነበር የምወጣው። እንዲያውም ባልደረቦቼ "ጂንካ ውስጥ ከአንተ ቀድሞ ከቢሮ የሚወጣ ሰው ካለ ጠዋት ያልገባ ብቻ ነው" እያሉ ይተርቡኝ ነበር። ዘንድሮ ግን አንድ ኮምፒውተር ይዞኝ ቀረ። ፖሊስ ያዘኝ፣ ወባ ያዘኝ ቢባል ሰው ይገባዋል። ኮምፒውተር ያዘኝ ብሎ ማስረዳት ግን፣ በተለይ ለአማት፣ እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ነው የሚያውቀው።

ኮምፒውተሩ የእኔ አይደለም፤ የመንግሥት ነው። ሥራዬ ከየወረዳው የሚመጣውን ሪፖርት አንድ ላይ አድርጎ መጻፍ ነው። ሪፖርት ማለት ያው ታውቁታላችሁ፤ ያምናውን ትከፍትና ዓመተ ምሕረቱን ትቀይራለህ። ኮምፒውተሩ ከእኔ በፊት ከነበሩት ሰዎች ጋርም ይህንኑ ሲሠራ የኖረ ነው። እነሱ በጡረታ ሲወጡ እሱን የሚያሰናብተው ጠፍቶ ቀረ። ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ጠዋት አብርቼው፣ ወጥቼ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ገና እየተነሳ ነው። እንግዲህ በዚህ ዕድሜው ነው ራሱን ማደስ ያማረው።

አንድ ቀን የመውጫ ሰዓት ደረሰና እንደ ወትሮዬ አጥፋ የሚለውን ተጫንኩ። የኮምፒውተሩ ማያ ሰማያዊ ሆነ። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጻፈ። ሲተረጎም "ራሴን እያደስኩ ነው፤ አልጨረስኩም፤ አታጥፉኝ" ነው። ከሥሩ ደግሞ በመቶኛ የሚቆጥር ቁጥር አለ። ጥሩ ብዬ ጃኬቴን እንደያዝኩ ቆምኩ። ቁጥሩ ሲንፏቀቅ፣ ሲንፏቀቅ፣ እግሬ ሲዝል ተቀመጥኩ። መቶ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጃኬቴን ለበስኩ። መቶ ሞላ። እፎይ ስል ሌላ ጽሑፍ መጣ፦ "አልተሳካልኝም፤ የለወጥኩትን ሁሉ ወደነበረበት እየመለስኩ ነው፤ አታጥፉኝ።" መልሶ፣ መልሶ፣ ሲያበቃ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በራ! እንደ ጠዋቱ አጓርቶ በራ። አጥፋ የሚለውን ስጫን እንደገና "ራሴን እያደስኩ ነው" አለኝ።

ለምን ከነመብራቱ ጥለኸው አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ጋሽ ዳናን አታውቁትም። ጋሽ ዳና ዘበኛችን ነው፤ ከወላይታ መጥቶ ጂንካ ላይ ያረጀ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ካፖርቱ ከድምፁ የወፈረ ሰው ነው። ጎረቤታችን ባለ አንድ ቢሮ አንዴ ሶኬት ተቃጥሎ ጭስ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ "ማንኛውም ሠራተኛ ማሽን አብርቶ እንዳይወጣ" የሚል ትእዛዝ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ ይህንን የሚያስፈጽመውም ጋሽ ዳና ሆነ። ማታ ማታ በየክፍሉ እየዞረ መብራቱን ሳይሆን የማሽኑን ትንሽዬ መብራት ያያል። ያቺ መብራት ከበራች ሰውየው አይወጣም።

"ጋሽ ዳና፣ አልጠፋ ብሎኝ ነው እኮ።"

"አጥፋ።"

"አታጥፉኝ እያለ?"

ጋሽ ዳና ቀረብ ብሎ ማያውን አየ። ማንበብ ባይችልም ቁጥሩ ሲንቀሳቀስ አየ። "ሥራ ላይ ነው" አለ በአክብሮት። "ሲጨርስ አጥፋና ሂድ።" ወንበር አምጥቶም በሩ ላይ ተቀመጠ። ማሽኑ አታጥፉኝ ይላል፤ መሥሪያ ቤቱ አብርታችሁ አትሂዱ ይላል። በሁለት ትእዛዝ መካከል እንደ ተቀመጠ ሠራተኛ ደግሞ ዓለም ላይ ያረፈ ሰው የለም፤ የቱንም ባታደርግ አንዱን ታዝዘሃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ደበቀን እንዳትሉኝ። ይህ ነገር ከመጀመሩ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ባለቤቴ አስቴር ሞታለች። ታማ ብዙም አልቆየች። ራሴን አመመኝ አለች፣ ሆስፒታል ገባች፣ ሻል ብሏታል ሲሉን ቤት ሄጄ ልብስ ልቀይር ብዬ ወጣሁ፤ ስመለስ አልጋዋን እያነጠፉ ነበር። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን የማወራው የለኝም።

ከቀብሩ በኋላ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ዘመድ ወደየመጣበት ተበተነ። አንድ ሰው ግን ቀረች፤ አማቴ። እማማ ነው የምላት። ከካኮ ማዶ ካለ መንደር ነው የመጣችው፤ አፏን የፈታችው በአሪኛ ስለሆነ አማርኛ ስትናገር ቃላቱን እንደ ውድ ዕቃ አንድ በአንድ እያነሳች ነው። ልጇ የለችም፣ የልጅ ልጅም አላደረስንላትም፤ ቤቷ ብትሄድ የሚፈርድባት አልነበረም። "ሰው ብቻ አይበላም" አለችና ቀረች። ብቻዬን ራት እንዳልበላ መሆኑ ነው።

ችግሩ የእማማ ድምፅ ነው። አስቴር በሕይወት ሳለች ልብ ብዬው አላውቅም። አስቴር ጓዳ ሆና ለራት ስትጠራኝ መጨረሻውን ሳብ የምታደርግበት ነገር ነበራት፤ "ና እንጂ፣ ይበርዳል!" ትላለች። እኔ ደግሞ ኳስ እያየሁ ነው፣ ዜና እየሰማሁ ነው፣ ወይ ምንም እያደረግሁ አይደለም፤ ብቻ ሁልጊዜ "ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ" ነው መልሴ። ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ከቢሮ ስመለስ የግቢውን በር ገፋ አደረግሁ። ከጓዳ "ና እንጂ፣ ይበርዳል!" የሚል ድምፅ መጣ። ራሷ አስቴር። በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከዚያ እማማ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለች። ጎረቤት ስትጠራ፣ ዶሮ ስታባርር፣ ስታስል ሳይቀር ያው ድምፅ ነው። ያን ቀን ራቱን እንዴት እንደበላሁት አላውቅም። በማግስቱም የሆነ ሰበብ ፈጥሬ አመሸሁ። በሦስተኛው ቀን ሰበብ ሊያልቅብኝ ሲል ነው እንግዲህ ኮምፒውተሩ የደረሰልኝ።

ስለዚህ ሰው ፊት ስራገመው ብትሰሙ አትመኑኝ። "ምን ዓይነት ዕቃ ነው! ሰው የሚያስር!" እያልኩ ጠረጴዛ እመታለሁ። በሆዴ ግን የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ዛሬ ደግሞ ተሳክቶለት ይጠፋ ይሆን እያልኩ የምሰጋው እኔ ነኝ። "አልተሳካልኝም" ሲል ትከሻዬ ይለቃል። ራሴን ይዤ ብቻዬን እዚያ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ስቀመጥ ቢያንስ የሚጠራኝ ድምፅ የለም። ቤት የምገባው ጋሽ ዳና ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋ ሾልኬ ወጥቼ፣ እማማ ጋቢዋን ተከናንባ ወንበር ላይ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ነው። ራቴ በሰሃን ተከድኖ ከጎኗ ይጠብቀኛል። ቀስ ብዬ አልፌ እተኛለሁ።

የኛ አገር ሐዘንተኛ ግን ብቻውን መቀመጥ አይፈቀድለትም። ድንኳን ከፈረሰ በኋላም የእድሩና የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ተራ ይዘው ማታ ማታ ሐዘንተኛው ቤት ይመጣሉ። ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ አንዳንዴም ምንም ሳይናገሩ ዝም ብለው ተቀምጠው ይሄዳሉ። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ማርቆስ ይባላል፤ እንጨት ሠሪ ነው፤ የከተማችንን ሙት ሁሉ ሣጥን የሠራ፣ በየቀብሩም መጨረሻ ላይ የሚጸልይ። አንድ ማታ ሰዎቹን አስከትሎ ቤቴ ሄደ፤ የለሁም። በማግስቱም የለሁም። እማማን ቢጠይቃት "ቢሮ ነው። ዕቃ ያዘው" አለችው። አቶ ማርቆስ ይሄኔ ወንድማችን ሐዘኑ አእምሮውን ነክቶት ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። "እሱ ካልመጣ እኛ እንሄዳለን" አለ።

በሚቀጥለው ማታ ቁጥሩ ግማሽ ደርሶ እኔም እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለሁ አጽናኞቼ ተግተልትለው ገቡ። ዳቦ ይዘዋል፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘዋል፣ ከሸንኮራ ሠፈር የመጡት ሴትዮም የቡና ገለባ የተፈላበት ሸፈሮ በቅል ይዘው መጥተዋል። ወንበር ሲያልቅ ጋሽ ዳና ከአዳራሹ አግዳሚ ጎተተላቸው። "እግዚአብሔር ያጽናህ" አሉኝ። ከዚያ ሁሉም ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ። ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረማ።

"ምንድነው የሚለው?" አለኝ አቶ ማርቆስ በሹክሹክታ።

"ራሴን እያደስኩ ነው ይላል።"

"ይታደስ፣ ይታደስ" አሉ ሴትዮዋ ቅሉን እያቀበሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለቅሶዬ ወደ ቢሮ ተዛወረ። ሰው ከሥራ ሲወጣ የእኔ ሰዎች ይገባሉ። መጀመሪያ ክፍሌ ውስጥ፣ ኋላ ጠበበንና ኮሪደሩ ላይ፣ ኮሪደሩም ሞላና ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አግዳሚ ተደረደረ። ቁጥሩ የት እንደደረሰ ከውስጥ ወደ ውጭ በቅብብል ይነገራል። "ሰማንያ" ይላል በሩ ላይ የቆመው። "ሰማንያ" ይላሉ ዛፉ ሥር ያሉት፤ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። "መመለስ ጀመረ" ሲባል ሁሉም "አይ..." ብሎ አንገቱን ይደፋል። አስቴርን የማያውቁ ሁሉ የኮምፒውተሩን ሁኔታ ጠንቅቀው ያውቃሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "እንዴት ነህ?" ማለት ትተው "ማታ የት ደረሰ?" ይሉኛል።

የሃናው ሰውዬ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሃና ሳላማጎ ውስጥ ሩቅ ነው፤ መኪና እንደልብ አይገኝም። ሪፖርቱን ይዞ በሞተር ጭቃ ለጭቃ ሲንከባለል ውሎ ግቢያችን ሲደርስ መሽቶበታል። በሩን ሲያልፍ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? አግዳሚ ተደርድሯል፤ ሰው አንገቱን ደፍቷል፤ ሴቶች አገጫቸውን ይዘዋል። ልክ መመለስ በጀመረበት ሰዓት ነው የገባው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ለቅሶ ላይ ደርሶ "ማን ነው የሞተው?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ የሟቹ ማንነት ቀስ ብሎ ከሰው ለቅሶ ይሰማል። ሰውዬውም የራስ ቁሩን አውልቆ ወረወረና በራሱ ገመተ። መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ሰው የሚቀመጥለት ኃላፊው ካልሆነ ማን ይሆናል?

"ወይኔ አለቃዬ! ወይኔ የሃና አባት! መኪና ስንለምን ያልገላመጠን! ማን ይስማን እንግዲህ!"

ዛፉ ሥር ያሉት ሰዎች ደንግጠው ቀና አሉ። የሚያለቅስ ሰው ሲያዩ ደግሞ ዝም ብሎ ማየት አይሆንላቸውም፤ አብረው አለቀሱ። ኃላፊያችን ይህን ጊዜ ቁልፉን እያንጠለጠለ ከክፍሉ ወጣ። ሲለቀስለት ሰማ። ቆመ። እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ አየሁት፤ ሰውዬውን ሊያስቆም እጁን ካነሳ በኋላ ምን እንዳሰበ እንጃ እጁን መልሶ አወረደና ማዳመጥ ጀመረ። ሰውዬው ደግነቱን ሲያወራ፣ ትዕግሥቱን ሲያወራ፣ ወደ ሃና ወርዶ ከሕዝቡ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ እንደበላ ሲያወራ ኃላፊያችን አንዴም አላቋረጠውም። በኑሮው ይህን ያህል ሰው በተሰበሰበበት አንድ ደግ ነገር ተብሎለት የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰውዬው ሲደክመው ቀና አለና በሩ ላይ የቆመውን ሟች አየ። የሁለቱም ፊት እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ኃላፊው ቀስ ብሎ "እንኳን ደህና መጣህ፤ ሪፖርቱን ይዘሃል?" አለው። ከዚያ ወዲህ የሃና ሪፖርት ቢዘገይ ተቆጥቶ አያውቅም። እኔንም ከዚያ በፊት "ይህ ስብሰባ ምንድነው?" ሊለኝ ሲያሰላስል እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ትቶታል።

አቶ ማርቆስ ግን ነገሩ አሳሰበው። "ይህ ነገር ዝም ተብሎ አይታይም" አለ በማግስቱ። ያ ጣውላ የሚልግ ሰፊ እጁን ኮምፒውተሩ ላይ ጫነ። ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። "ጌታ ሆይ፣ ወንድማችንን ከቤቱ የለየውን፣ ከማዕዱ ያራቀውን፣ ከኅብረታችን የከለከለውን ይህን ነገር ተመልከት..." እያለ ሲጸልይ ላብ በጀርባዬ ወረደ። ኮምፒውተሩን የፈራሁት እንዳይመስላችሁ። ከቤቴ የለየኝ ማን እንደሆነ እኔ አውቃለኋ! ዘጠና ሲል "አሜን" አሉ። መቶ ሲል "ሃሌ ሉያ!" አሉ፤ ዛፉ ሥር ያሉትም ተቀበሏቸው። ከዚያ "አልተሳካልኝም" የሚለው መጣ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። የእኔ ትከሻ ብቻ ለቀቀ፤ ያንን ማንም እንዳላየብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጨረሻ ኤፍሬም ይጠራ ተባለ። ኤፍሬም የአካባቢውን ኮምፒውተር ሁሉ የሚጠግን አንድ ባለሙያ ነው፤ ሲፈለግ የትም አይገኝም። ያን ጊዜም ታች ኦሞ ዳር፣ ዱስ ወርዶ ነበር፤ እዚያም የአንድ ቢሮ ኮምፒውተር አልነሳ ብሏል አሉ። ሲመለስ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ መጣ፤ ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ አደረገና ሳቀ።

"ቦታ የለውም እኮ" አለኝ። "ማደሻውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሞልቶበት ነው። ይሄ ሁሉ ምንድነው? የሰርግ ቪዲዮ፣ የመዘምራን ቪዲዮ፣ የሕንድ ፊልም! ግማሹን ብታጠፋለት ዛሬ ማታውኑ ይጨርሳል።"

ሰርጉ የማን እንደሆነ እንኳን አላውቅም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች ያጠራቀሙት ነው። "አጠፋዋለሁ፤ እግዜር ይስጥህ" አልኩት። እሱም የሚቀጥለው ቢሮ ይጠብቀኛል ብሎ ሄደ። እንግዲህ ሰው በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? ያጠፋል። እኔ ምን አደረግሁ? ለምሳ ስወጣ ገበያው ጋ ካለችው ፊልም ከሚጫንባት ሱቅ ገባሁና ፍላሼን ዘርግቼ "ሙላልኝ" አልኩ። "ምን ዓይነት ይሁን?" አለኝ ባለሱቁ። "ትልልቅ ይሁን" አልኩት። ሐዘን ላይ መሆኔን ያውቃል መሰለኝ፣ አዝኖልኝ ሳቅ በሳቅ የሆኑ ፊልሞች ሞላልኝ። አንዱንም አላየሁትም። ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጥኳቸውና ማያውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ያን ከሰዓት በራሴ አፈርኩ፤ ግን አላጠፋሁም።

ያን ማታ ኤፍሬም መፍትሔ ሰጥቷል የሚል ወሬ ስለተሰማ ከወትሮው የበዛ ሰው መጣ። ዛሬ ይጨርሳል ብለው ነው። ዳቦው ትልቅ ነበር። አጥፋ የሚለውን ተጫንኩ፤ ሰማያዊው መጣ፤ ቁጥሩ ጀመረ፤ በሩ ላይ ያለው መጥራት ጀመረ፤ ዛፉ ሥር ያሉት መቀበል ጀመሩ። ሃምሳ ላይ ሲደርስ ከውጭ የሚቀበለው ድምፅ ቆመ። ሰዎቹ ምን ሆኑ ብዬ ቀና ስል ጋሽ ዳና ከወንበሩ ተነሥቶ ቆቡን አውልቋል። በሩ ላይ እማማ ቆማለች።

በጨርቅ የተሸፈነ ሰሃን ይዛለች፤ ራቴ ነው፣ የተቀቀለ ጎደሬ። የአስቴርን ነጠላ ለብሳለች። ከቤት እስከዚያ ድረስ ብቻዋን መጥታ አታውቅም፤ ጫማዋ ጭቃ ሆኗል። ዙሪያዋን አየች፤ አግዳሚውን፣ ዳቦውን፣ ፔርሙሱን፣ አቶ ማርቆስን፣ በየቀኑ በየተራ ያጽናኑኝን ጎረቤቶች ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ጊዜ ነው ለአቶ ማርቆስም የገባው፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ይህ ሁሉ አጽናኝ እኔን ተከትሎ እዚህ ሲመጣ እሷ ጋ የሄደ የለም። ልጅ የሞተባት እሷ ናት። ስንት ማታ ሙሉ ከከደነችው ራት ጋር ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፤ "ሰው ብቻ አይበላም" ብላ የቀረችው ሴት።

ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት፤ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ሰሃኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ማያውን አየች።

"ይሄ ነው የያዘህ?" አለችኝ።

"እሱ ነው እማማ።"

"ምን ይላል?"

"አልጨረስኩም፣ አታጥፉኝ ይላል።"

ቁጥሩን ለጥቂት ጊዜ አየችው። ሰባ ሆነ፤ ሰባ አምስት ሆነ። በሩ ላይ ያለው ሰው አልጠራም።

"መቼ ይጨርሳል?"

ለሰው ሁሉ የዋሸሁትን ለእሷ መዋሸት አቃተኝ። "አይጨርስም" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። የተቆጣች አልመሰለኝም፤ የምታውቀውን ነገር የነገርኳት ነው የመሰለው።

"አስቴርም አልጨረሰም" አለች፤ ስለ ልጇ በአማርኛ ስታወራ እንዲህ በወንድ አንቀጽ ነው የምትለው። "ልጅ መውለድ አለ፣ አልወለደም። ቤት ልቀባ አለ፣ አልቀባም። ሄደ።" ከዚያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "ተወው እሱን። ጎደሬ በረደ።"

ያን ሁሉ ጸሎት የሚያውቀው አቶ ማርቆስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ለመነሣት ሞከርኩና የጋሽ ዳና ትእዛዝ ትዝ አለኝ፤ ወይ ልማድ ሆኖብኝ ይሆናል፤ "ጋሽ ዳና፣ ማሽኑ እንደበራ ነው እኮ" አልኩ።

ጋሽ ዳና ወንበሩን ከበሩ ላይ አንሥቶ ኮምፒውተሩ ፊት አደረገው። ካፖርቱን ሰብስቦ ተቀመጠ።

"ሂድ" አለኝ። "እኔ እጠብቀዋለሁ። የምጠብቀው ሌላ ምን አለኝ።"

ወጣን። የድሮውን የአውሮፕላን ሜዳ ሣር አቋርጦ ነው ወደ ቤት የሚኬደው። እማማ ከፊት፣ እኔ ሰሃኑን ይዤ ከኋላዋ፣ ከእኔ ኋላ ደግሞ መላው እድር፤ አግዳሚ የተሸከሙት ሳይቀሩ። ላም የሚነዱ ሰዎች ቆመው አሳለፉን። ማን እንደሞተ አልጠየቁም። ማንም አልዘመረም። ሴትዮዋ ቅሉን ይዘው ከእማማ ጎን ደርሰው ክንዷን ያዙና እስከ ቤት ድረስ አልለቀቁትም። አስቴር ከተቀበረች ወዲህ የእማማን ክንድ ሰው ሲይዝ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቤት ደረስን። ሰዎቹ በሳሎኑም በግቢውም እንደሆነው ሆነው ተቀመጡ፤ ዛሬ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ሰማያዊ ነገር ስለሌለ አንድ ላይ ወደ ጓዳው በር አዞሩ። እማማ ሰሃኑን ከእጄ ተቀብላ ልታሞቀው ገባች። እኔ ጫማዬን የማወልቅ መስዬ በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ቀረሁ። ክሩን ፈታሁት፤ መልሼ አሰርኩት፤ መልሼ ፈታሁት። የሚመጣውን አውቃለሁ። ልሸሽ ብል ግቢው ሙሉ ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩም ሩቅ ነው።

"ና እንጂ፣ ይበርዳል!"

ድምፁ የአስቴር ነው። መጨረሻውን ሳብ ማድረጉ ሳይቀር። አፌ በልማዱ ያንን የኖረበትን መልስ ሊሰጥ ተከፍቶ ነበር፤ "ቆይ፣ ይቺን..." ልል። አልወጣም። በቀብሯ ቀን ያልመጣው እንባ የመጣው እዚያ ነው፣ የጫማዬ ክር በእጄ እንዳለ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

"መጣሁ" አልኩ። "መጣሁ፣ መጣሁ።"